ግሉኮሜትሩ 182፣ ላቦራቶሪው 138፦ የትኛውን እንመን? ናሙና መላክስ እናቁም?

ጥያቄ፦ «በምሠራበት ክሊኒክ አንዲት የ52 ዓመት ታካሚ ምሳ ከበሉ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ በጣት ደም በግሉኮሜትር ስንለካቸው 182 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር አሳየ። ወዲያው ከክንዳቸው በቀይ ክዳን ቲዩብ የቀዳነውን ደም ወደ ማዕከላዊ ላቦራቶሪ ላክን፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ደርሶ የተነበበው ውጤት 138 ሆነ። ሄሞግሎቢናቸው 8.4 ነው፤ የደም ማነስ አለባቸው። በመፈተሻ ፈሳሽ (ኮንትሮል) ስንሞክረው ግሉኮሜትሩ ትክክል ነው። ኃላፊዎቻችን ደግሞ የኤ ዋን ሲ (ያለፉት ወራት አማካይ ስኳር)፣ የትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ጉዳት ጠቋሚ)፣ የሲ አር ፒ (የብግነት ጠቋሚ) እና የኤሌክትሮላይት (እንደ ፖታሲየም ያሉ የደም ጨዎች) መለኪያ ትንንሽ መሣሪያዎች ተገዝተው ናሙና መላክ እንዲቀር ይፈልጋሉ። የተሳሳተው የትኛው ማሽን ነው? ሐሳቡስ ያስኬዳል?»

ምላሽ፦ ከሁለቱ ማሽኖች አንዱም ያልተበላሸ ሊሆን ይችላል። «የትኛው ተሳሳተ» ከማለት በፊት ሁለቱ የለኩት አንድ ዓይነት ደም አለመሆኑን ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው ከጣት ጫፍ ወጥቶ በሰከንዶች ውስጥ የተነበበ ነው። ሌላኛው ከደም መልስ ተቀድቶ ቲዩብ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል የቆየ ነው። በመካከላቸው ያለውን የ44 ልዩነት እየነጣጠልን እንየው።

ትልቁ ድርሻ ያለው ብዙ ሰው በማይጠረጥረው በኩል፣ በላቦራቶሪው ናሙና ላይ ነው። ደም ቲዩብ ውስጥ ከገባ በኋላም ሴሎቹ በሕይወት ስላሉ ስኳር መጠቀማቸውን አያቆሙም። ከሴሎቹ ሳይለይ በክፍል ሙቀት የተቀመጠ ደም በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆን ስኳር ያጣል። ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ወይም የነጭ ደም ሴል ቁጥር በጣም ከፍ ካለ ኪሳራው ይበልጣል። በሰዓት 6 በመቶ ብለን ብናሰላ፣ 138 ሆኖ የተነበበው ደም በተቀዳበት ሰዓት 160 አካባቢ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ከ44ቱ ልዩነት ግማሹ ከግሉኮሜትሩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ መንገድ ላይ የጠፋ ስኳር ነው።

በግራጫ ክዳን ቲዩብ ብትቀዱትም ችግሩ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። በውስጡ ያለው ሶዲየም ፍሎራይድ የሚያግደው ኢኖሌዝ የተባለውን ኢንዛይም ነው፤ ይህ ኢንዛይም ደግሞ የሚገኘው በስኳር መፍረስ ሰንሰለት መጨረሻ አካባቢ ነው። ከእሱ በፊት ያሉት ደረጃዎች ለአንድና ለሁለት ሰዓት ያህል ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ፍሎራይድ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ያለውን መውረድ ለማስቆም ነው። ገና ከመጀመሪያው የሚያስቆመው ደሙን አሲዳማ የሚያደርግ ሲትሬት የተጨመረበት ቲዩብ ነው። እሱ ከሌለ ቲዩቡን በረዶ ባለበት ውኃ ውስጥ አስቀምጦ በ30 ደቂቃ ውስጥ በሴንትሪፊዩጅ (ደሙን በሚያሽከረክር ማሽን) ፕላዝማውን፣ ማለትም ሴል የሌለውን የደሙን ፈሳሽ፣ መለየት ያስፈልጋል። «የላቦራቶሪ ውጤት ስለሆነ ትክክል ነው» የሚለው እምነት የሚሠራው ከመቅጃው እስከ ማሽኑ ያለው መንገድ ሲጠበቅ ብቻ ነው።

ቀሪው 22 ከግሉኮሜትሩ በኩል ነው፤ እሱም ሦስት ምንጭ አለው። የመጀመሪያው ምሳው ነው። የጣት ጫፍ ደም በአብዛኛው ከደም ቅዳ የመጣ፣ ጡንቻው ገና ስኳሩን ያልወሰደለት ደም ነው። በባዶ ሆድ ከክንድ ደም ጋር ያለው ልዩነት ከቁም ነገር አይገባም፤ ከምግብ በኋላ ግን የጣቱ በ20 እና ከዚያ በላይ ሚሊ ግራም ሊበልጥ ይችላል። ይህ የተፈጥሮ ልዩነት ስለሆነ በምንም ዓይነት ማስተካከያ አይጠፋም።

ሁለተኛው የደም ማነሳቸው ነው። ደሙ በሚነካው የግሉኮሜትሩ መለኪያ ቁራጭ፣ በስትሪፑ ውስጥ፣ የሚሆነውን ካወቁ ምክንያቱ ግልጽ ይሆናል። ከ1 ማይክሮ ሊትር ያነሰ ደም በጠባቧ ቦይ ተስቦ ይገባል፤ በኤሌክትሮዱ ላይ የደረቀው ኢንዛይም ስኳሩን ያቃጥላል፤ የወጣውን ኤሌክትሮን አስተላላፊ ኬሚካል ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሮዱ ያደርሳል፤ መሣሪያው የሚያነበው የዚያን የኤሌክትሪክ ፍሰት መጠን ነው። ቀይ የደም ሴሎች በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ እንቅፋት ናቸው። ሲያንሱ ፕላዝማው በዝቶና ፈጥኖ ወደ ኢንዛይሙ ይደርሳል፤ ፍሰቱ ይጨምራል፤ ንባቡም ከእውነተኛው ከፍ ይላል። ሲበዙ ደግሞ፣ እንደ አራስ ሕፃናት ደም፣ ንባቡ ዝቅ ይላል። የ8.4 ሄሞግሎቢን ሄማቶክሪት፣ ማለትም ቀይ ሴሎች ከደሙ የሚይዙት ድርሻ፣ 25 በመቶ ገደማ ነው። አዳዲሶቹ መሣሪያዎች በዚያው ስትሪፕ ላይ ሄማቶክሪቱን ለይተው ንባቡን ያርማሉ፤ የቆዩት አያርሙም። የስትሪፓችሁን ማሸጊያ ወረቀት አውጥታችሁ የተፈቀደውን የሄማቶክሪት ክልል ተመልከቱ። ከ30 በመቶ የሚጀምር ከሆነ እኚህ ታካሚ መጀመሪያውኑ በዚያ ስትሪፕ መለካት አልነበረባቸውም። (8.4ቱም በጣት ደም የተለካ ከሆነ ልብ በሉ፦ ጣት ተጨምቆ የወጣ ደም ከቲሹ ፈሳሽ ጋር ስለሚቀላቀል ሄሞግሎቢኑ ከእውነተኛው ያነሰ ሊመስል ይችላል።)

ሦስተኛው የተፈቀደው ስህተት ነው። አይ ኤስ ኦ 15197 የተባለው መስፈርት እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው እትሙ የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ከ100 ንባቦች 95ቱ፣ ስኳሩ ከ100 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን ከማጣቀሻው በ15 ሚሊ ግራም፣ 100 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ በ15 በመቶ ውስጥ መሆን አለባቸው። ለ160 የ15 በመቶ ክልል ከ136 እስከ 184 ነው። 182 በዚህ ውስጥ ነው። ታካሚዋ ባይበሉና የደም ማነስ ባይኖርባቸው እንኳ መስፈርቱን ያለፈ መሣሪያ ይህን ቁጥር ሊያሳይ ይችል ነበር።

ስለ ኮንትሮሉ ያለውን አስተያየት ማረም አለብኝ። የኮንትሮል ፈሳሹ ደም አይደለም፤ በውስጡ ስኳር ያለበት ቀለም የገባ ፈሳሽ ነው። ሴል የለውም፤ ስለዚህ የሄማቶክሪት ችግርን ሊያሳይ አይችልም። አልፏል ማለት ስትሪፑ እርጥበት አላበላሸውም፣ ኤሌክትሮኒኩ ይሠራል፣ የሠራው ሰው እጅ ደህና ነው ማለት ብቻ ነው። ይህም ቀላል አይደለም፤ የስትሪፕ ብልቃጥ ክዳኑ ተከፍቶ በማደሩ የተበላሸ ስትሪፕ ከበቂ በላይ አለ። ክዳኑ ውስጥ ያለው የእርጥበት መጣጭ የሚሠራው ክዳኑ ሲዘጋ ነው። ብልቃጡ በተከፈተ ቀን ላዩ ላይ ቀኑ ይጻፍ፤ ስትሪፕ በኪስ፣ በመሳቢያ፣ በሌላ ብልቃጥ አይቀመጥ፤ ፍሪጅ ውስጥም አይግባ፤ ከቅዝቃዜ ወጥቶ ሲከፈት ጤዛ ይይዛል። ኮንትሮሉም ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግለው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ በአብዛኛው ለ3 ወር።

ሁለቱን መሣሪያዎች በትክክል ማወዳደር ከፈለጋችሁ መንገዱ ይህ ነው። በባዶ ሆድ የሆኑ፣ ሄማቶክሪታቸው በስትሪፑ ክልል ውስጥ ያለ ቢያንስ 20 ሰዎችን ምረጡ፤ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ስኳር ያላቸው ይቀላቀሉ። እጃቸውን በሳሙናና በውኃ ታጥበው በደንብ ያድርቁ። የመካከለኛውን ወይም የቀለበት ጣትን ጎን ውጉ፤ የመጀመሪያውን ጠብታ ጥረጉ፤ ሁለተኛው ሳይጨመቅ ይውጣ። በ5 ደቂቃ ውስጥ ከክንድ ቅዱና ፕላዝማውን በ30 ደቂቃ ውስጥ ለዩ። የእያንዳንዱን ጥንድ ልዩነት በመቶኛ አስሉ። 19ኙ በ15 በመቶ (ስኳሩ ከ100 በታች ለሆነው በ15 ሚሊ ግራም) ውስጥ ከሆኑ መሣሪያው ይሠራል። ይህን ቢያልፍም ከሃያው አሥራ ስምንቱ ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ የዚያ ሎት (በአንድ ዙር የተመረተ) ስትሪፕ አድልዎ ስላለው አቅራቢውን ጠይቁ። በፍሎራይድ ቲዩብ ያለ ደም ወስዳችሁ ስትሪፑ ላይ አታንጠባጥቡ፤ ፍሎራይዱ የስትሪፑን ኬሚስትሪ ሊያውክ ይችላል።

ሁለት አደጋዎችን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ጣፋጭ ወይም ፍራፍሬ የነካ ጣት በአልኮል ቢጠረግም ስኳሩ አይለቅም፤ በውኃ መታጠብ አለበት። ጤነኛ ሰው በድንገት 300 ሲያሳይ መጀመሪያ የሚደረገው እጅ አስታጥቦ እንደገና መለካት ነው። ሁለተኛው ገዳይ ነው፦ ጂ ዲ ኤች ፒ ኪው ኪው የተባለ ኢንዛይም ያለባቸው ስትሪፖች ማልቶስን ከግሉኮስ አይለዩም። በሆድ ዕቃ በኩል የሚደረግ ዲያሊሲስ ላይ ያለ ታካሚ አይኮዴክስትሪን የሚባለውን ፈሳሽ ከወሰደ በደሙ ውስጥ ማልቶስ ይበዛል። መሣሪያው «ስኳር ከፍ ብሏል» ይላል፤ ኢንሱሊን ይሰጣል፤ እውነተኛው ስኳር ግን ወርዷል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ማስጠንቀቂያ በዚህ ምክንያት የደረሱ 13 ሞቶችን ጠቅሷል። የስትሪፓችሁን ኢንዛይም ስም ከማሸጊያው አንብባችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በደም ሥር የሚሰጥ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ሲ በብዙ መሣሪያዎች ላይ ንባቡን ከፍ ያደርጋል። የደም ግፊቱ በጣም የወረደ፣ እጁ የቀዘቀዘ ታካሚ ደግሞ የጣት ደሙ ስለ ሰውነቱ አይናገርም፤ ከደም ሥር መቀዳት አለበት።

አሁን ወደ ግዢው እንምጣ። በታካሚው አጠገብ የሚደረግ ምርመራ፣ ባለሙያዎች ፖይንት ኦፍ ኬር የሚሉት፣ ከላቦራቶሪ የሚበልጠው በትክክለኛነት አይደለም። ዋጋው ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሣ ውሳኔ ማስወሰኑ ላይ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ውጤቱ ዛሬ፣ በዚህ ክፍል ውስጥ የምናደርገውን ይቀይራል? የመሣሪያው የስህተት መጠንስ ያንን ውሳኔ ያጣምማል? የመጀመሪያው መልስ «አይ» ከሆነ ናሙናው ይላክ፤ ነገ የሚመጣ ትክክለኛ ውጤት ዛሬ ከሚመጣ ግምት ይሻላል።

በዚህ ሚዛን ሲ አር ፒ ያልፋል። ሳል ይዞት ለመጣ ሰው አንቲባዮቲክ ይሰጥ አይሰጥ የሚለው ውሳኔ እዚያው የሚወሰድ ነው፤ የውሳኔ መስመሮቹም ተራርቀው የተሰመሩ ስለሆኑ የመሣሪያው ትንሽ ስህተት ውሳኔውን አይገለብጥም። ናይስ የተባለው የእንግሊዝ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የሳምባ ምች መመሪያ ከ20 ሚሊ ግራም በሊትር በታች ከሆነ አንቲባዮቲክ አይሰጥ፣ ከ20 እስከ 100 ከሆነ ማዘዣው ተጽፎ ሕመሙ ከባሰ ብቻ ይወሰድ፣ ከ100 በላይ ከሆነ ይሰጥ ይል ነበር። ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ግን ሲ አር ፒ ገና አልወጣም፤ ትንፋሹ ያጠረ ወይም የደነዘዘ በሽተኛ ቁጥሩ ዝቅተኛ ስለሆነ ብቻ ወደ ቤቱ አይላክ።

ኤ ዋን ሲ በግማሽ ያልፋል። የሚታወቅ የስኳር ሕመምተኛ ቁጥሩን አይቶ መድኃኒቱ በዚያው ቀን ቢስተካከል ጥሩ ነው። አዲስ ሕመምተኛን ለመለየት ግን የውሳኔው መስመር 6.5 በመቶ ላይ ነው፤ እዚያ አካባቢ የ0.4 ወይም የ0.5 ስህተት ሰውን ከጤነኛ ወደ በሽተኛ ያሻግራል። ለክትትል ተጠቀሙበት፤ ለምርመራ ማረጋገጫ አትጠቀሙበት። ቀይ የደም ሴል ቶሎ የሚፈርስበት፣ ደም የፈሰሰው ወይም በቅርቡ ደም የተሰጠው ሰው ኤ ዋን ሲው ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል፤ በብረት ማነስ የተነሣ የደም ማነስ ደግሞ ከፍ ያደርገዋል።

ትሮፖኒን ላይ ኃላፊዎቻችሁን መቃወም አለባችሁ። ትንንሾቹ መሣሪያዎች ብዙ ተሻሽለዋል፤ ከፍተኛ ስሜታዊነት ያላቸው፣ ማለትም ቢያንስ ከጤነኛ ሰዎች በግማሾቹ ደም ውስጥ ያለውን ትሮፖኒን እንኳ መለካት የሚችሉ ዓይነቶች መጥተዋል። ርካሾቹና በብዛት የሚሸጡት ግን አሁንም የቀድሞዎቹ ናቸው። የደረት ሕመም በጀመረ በሁለተኛው ሰዓት በእነዚህ የተገኘ «ኔጌቲቭ» ድንገተኛ የልብ ጥቃት የለም አያሰኝም፤ ከሰዓታት በኋላ መደገም አለበት። ደግሞም የአንዱ መሣሪያ ቁጥር ከሌላው ጋር አይወዳደርም። ፀረ እንግዳ አካሎቻቸው የተለያዩ ስለሆኑ፣ ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ጊዜ ተለክቶ ሆስፒታል ሲደርስ በሌላ መሣሪያ ቢደገም «ጨምሯል» ወይም «ቀንሷል» ማለት አይቻልም። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ማንበብ የሚችል ሰውና ለስድስት ሰዓት የሚያቆይ አልጋ ከሌላችሁ ይህ መሣሪያ የሚሰጣችሁ ሐሰተኛ መጽናናት ነው።

ኤሌክትሮላይት የባሰ ወጥመድ አለው። ፖታሲየም በአብዛኛው ያለው ሴል ውስጥ ነው፤ ጣት ሲጨመቅ ወይም በቀጭን መርፌ በኃይል ሲሳብ ሴሎቹ ይፈነዱና ፖታሲየሙ ወደ ፕላዝማው ይፈሳል። ላቦራቶሪ ውስጥ ደሙ በሴንትሪፊዩጅ ስለሚለይ ፕላዝማው ሲቀላ ባለሙያው አይቶ ናሙናውን ይጥለዋል። ያልተለየ ደም የሚቀበል ካርትሪጅ ውስጥ ግን የሚታይ ነገር የለም። 6.3 የሚል ቁጥር ይወጣል፤ ሐኪሙ ማከም ይጀምራል። ካርትሪጆቹም በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣሉ፤ ሳይሞቁ አይሠራባቸውም፤ ከፍሪጅ ከወጡ በኋላ የሚቆዩበት ቀን የተወሰነ ነው፤ ተመልሰውም አይገቡም። በወር አሥር ሰው ለማይመረምር ክሊኒክ አብዛኛው ካርትሪጅ ጊዜው አልፎበት የሚጣል ነው።

እነዚህ ገደቦች ሁሉንም መሣሪያ ያወግዛሉ ማለት አይደለም፤ በመስኩ የታየው እድገት እውነተኛ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ የጂንኤክስፐርት ምርመራን የዓለም ጤና ድርጅት የደገፈው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ነበር፤ ያልሠለጠነ ዓይን በማይክሮስኮፕ የሚያልፈውን ባክቴሪያ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያገኛል፤ ባክቴሪያው ሪፋምፒሲን የተባለውን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት መላመዱንም አብሮ ይናገራል። የተሳካለት ናሙናው ከገባ በኋላ ሁሉም ነገር በታሸገ ካርትሪጅ ውስጥ ስለሚያልቅ፣ የሰው እጅና የብክለት መንገድ ስለተዘጋ ነው። ግን የሞተ ባክቴሪያ ዲ ኤን ኤ ስለሚያይ መድኃኒት መሥራቱን ለመከታተል አይሆንም፤ የመብራት መቆራረጥና የክፍል ሙቀት ከ30 ዲግሪ ማለፍም ያሰናክለዋል።

መስመር የሚያወጡት ፈጣን ኪቶች ላይ ደግሞ አንድ የተለመደ አለመግባባት አለ። የኮንትሮል መስመሩ መውጣት ምርመራው በትክክል ተሠርቷል ማለት አይደለም። በብዙዎቹ ኪቶች ይህ መስመር የሚያረጋግጠው ፈሳሹ ወረቀቱን ተሻግሮ መሄዱን ብቻ ነው፤ ደም ሳይጨመር ከኪቱ ጋር የሚመጣውን ፈሳሽ (ቋት) ብቻ ብታንጠባጥቡም ይወጣል። የአንዱን ኪት ቋት ለሌላው መጠቀም ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ያመጣል። ከተባለው ደቂቃ በኋላ የሚታይ ደብዛዛ መስመርም ወረቀቱ ሲደርቅ የሚፈጠር ሊሆን ስለሚችል አይነበብም። ለወባ ኤች አር ፒ 2 የተባለውን ፕሮቲን የሚፈልጉ ኪቶች መድኃኒቱ ከሠራ በኋላም ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሌላ በኩል ያንን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የሌላቸው ጥገኛ ተሕዋስያን ጭራሽ አይታዩባቸውም።

ጥሩ ኪት እንኳ በማን ላይ እንደምትጠቀሙበት ውጤቱ ይለያያል። ከ100 ሕመምተኞች 95ቱን የሚያገኝ፣ ከ100 ጤነኞች 98ቱን በትክክል ነጻ የሚል ኪት ውሰዱ። ሕመሙ ከመቶ አንድ ሰው ብቻ ባለበት ሕዝብ ውስጥ 1,000 ሰው ብትመረምሩ ከአሥሩ ሕመምተኞች ዘጠኙን ወይም አሥሩን ታገኛላችሁ፤ ከ990ው ጤነኞች ግን 20 ገደማ በሐሰት ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ከሦስት ፖዘቲቭ ሁለቱ ጤነኛ ናቸው ማለት ነው። ምልክት ባላቸውና ከመቶ ሃያው በታመመበት ክፍል ያው ኪት ከ1,000 ሰው 190 እውነተኛና 16 ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ይሰጣል። ኪቱ አልተለወጠም፤ የተመረመረው ሰው ነው የተለወጠው። ምልክት ለሌለው ሁሉ «ለማንኛውም እንመርምር» ማለት የሚያመጣው ይህንን ነው።

የምመክረው ይህ ነው፦ ናሙና መላክ አታቁሙ። ሲ አር ፒን ግዙ። ኤ ዋን ሲን በቂ ነባር ሕመምተኞች ካሏችሁ ለክትትል ብቻ ግዙ። ትሮፖኒንንና ኤሌክትሮላይትን ተዉ። ያንን ገንዘብ ከፊሉን ለአነስተኛ ሴንትሪፊዩጅ ብታውሉት ከአራቱም መሣሪያዎች የበለጠ ስህተት ይቀንስላችኋል፤ ለሻጩ ማራኪ አይደለም፣ ለታካሚው ግን ነው። ከመሣሪያ በፊት አንድ ኃላፊ በስም ይመደብ። አይ ኤስ ኦ 15189 እ.ኤ.አ. በ2022 በታደሰበት እትም በታካሚ አጠገብ የሚደረገውን ምርመራ ከላቦራቶሪው ጋር በአንድ መስፈርት ሥር አድርጎታል፤ ስለዚህ «ይህ እኮ ላቦራቶሪ አይደለም» የሚል ማምለጫ የለም። እያንዳንዱ ውጤት የታካሚው መለያ፣ የሎት ቁጥሩ፣ ሰዓቱና የሠራው ሰው ስም ይኑረው። አዲስ ሎት ከመጀመሩ በፊት አምስት የታካሚ ናሙናዎች በአሮጌውም በአዲሱም ይሠሩ። መሣሪያው ውጤቱን በራሱ ወደ መዝገብ የሚልክ ከሆነ ይመረጥ፤ ከስክሪን ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ካርድ ቁጥር ሲገለበጥ የአንዱ ውጤት ለሌላው ሰው ተለዋውጦ ሊገባ ይችላል።

የመብጫውን ነገር ደግሞ በቁም ነገር ያዙት። መርፌው ቢቀየርም እጀታው ለብዙ ሰው የሚያገለግል መብጫ ክሊኒክ ውስጥ አይኑር፤ አንዴ ወግቶ የሚቆለፈው ብቻ ይግባ። የሄፐታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለ7 ቀን ይቆያል፤ ደሙ በዓይን ባይታይም። ግሉኮሜትሩ ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ አምራቹ በፈቀደው ማጽጃ ይጠረግ፤ ጓንትም ይቀየር።

ስለ ታካሚዋ፦ ከምሳ በኋላ የተገኘ 182ም ሆነ 138 የስኳር ሕመምን አያረጋግጥም። ቢያንስ ለ8 ሰዓት ሳይበሉ በጠዋት ይምጡ፤ ከክንዳቸው በግራጫ ክዳን ቲዩብ ይቀዳ፤ በረዶ ውስጥ ይቀመጥ፤ እዚያው ተለይቶ ፕላዝማው ይላክ። 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይደገም። የደም ማነሱ ምክንያት እስኪታወቅ ድረስ በኤ ዋን ሲ አይተካ። ሄሞግሎቢናቸውም በዚያው ቅጂ ከክንድ ደም ይለካ፤ በካርዳቸው ላይ ከስኳሩ ቁጥር ጎን ደሙ የተቀዳበትና ፕላዝማው የተለየበት ሰዓት ይጻፍ።